ያልተጻፈው ጥገና

ጥቅምት 3

ይድረስ ለጋሼ፤

ሱቅህ ገዢ፣ ጉልበትህም አቅም ሳያጣ ይህ ወረቀት እጅህ ይግባ። ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ልጆቹንም በየተራ፣ ትንሹ እንዳይቀየም ከሱ ጀምር።

እኔ ደህና ነኝ። ያው ከልብስ ማጠቢያው ቤት በስተኋላ ባለችው ክፍል የተቀደደውን እሰፋለሁ፣ የረዘመውን አሳጥራለሁ። አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

የጻፍኩልህ ስለ አባቴ ጀልባ ነው። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሞላው። ለሱ የአጎት ልጅ ብቻ ሳትሆን ወንድሙም ነበርክ፤ ጀልባዋን ከውሃ አውጥተህ ሸራ ያለበስካትም አንተ ነህ። አሁን ሽጥልኝ። ያንተ ንግድ አሮጌ የቤት ዕቃ እንጂ ጀልባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሦስት እግር ያለው ወንበር ሸጠህ ከገዢው ምርቃት የተቀበልክ ሰው ነህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ደላላ ያስፈልጋል ካልክም ያዝ። ዋጋውን ላንተ ትቼዋለሁ።

አትቸኩል። እኔንም የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም።

ልጅህ

*

ጥቅምት 18

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

እጅሽን ከመርፌ፣ ዓይንሽን ከድካም ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴን ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አሁን እኔን መቆጣት ስለጀመረች ድናለች ማለት ነው። ስለ ወንበሩ የሰማሽው ውሸት ነው። አራት እግር ነበረው፤ አንዱ አጠር ይል ነበር እንጂ።

ጀልባሽን ሄጄ አየኋት። ሸራው አንድ ጥጉ ተቀዷል፤ ውስጧ ግን ደረቅ ነው። ሞተሩን መካኒክ ጠርቼ አስሞከርኩ፤ ሦስቴ ገመዱን ሲስበው ተነሳ። ደላላም ይዣለሁ። በዚህ ወደብ ጀልባ የሚሸጥም የሚገዛም በሱ እጅ ነው የሚያልፈው። "ሹክሹክታ" ነው የሚሉት። እንደምን አደርክ ሲል እንኳ ጆሮ ሥር ገብቶ ነው። አሁን ለሦስት ሳምንት ወደ ሌላ ወደብ ሄዷል፤ ሲመለስ ገዢ ይዞ ይመጣል። እስከዚያው እኔ ጀልባዋን ሰው ፊት የምትቀርብ አድርጌ እጠብቀዋለሁ።

አትቸኩል ብለሻል፤ እሺ። እኔ ግን ዕቃ ሲቆይብኝ አልወድም።

ጋሼ

*

ከማስታወሻ ደብተሬ፣ ኅዳር 1

ጀልባዋን ማደስ ጨርሻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት አስፈግፍጌ፣ ውስጧንም ውጪዋንም በሰማያዊ ዘይት ቀለም ሁለት ሁለት እጅ አስቀባሁ። ሠላሳ ዓመት የነገድኩት ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ አሮጌ ቁም ሳጥን በቫርኒሽ ነው የሚሸጠው። ከመቀመጫዎቹ ሥር በአናጢ እርሳስ የተሞነጫጨረ ነገር ነበር፤ ቀንና ቁጥር ይመስላል። እሱም ተፍቆ ጠፋ። ሹክሹክታ ሲመጣ ደንግጦ ድምፅ ያወጣ ይሆናል።

ኅዳር 11

ደንግጧል። ድምፅ ግን አላወጣም።

ደላላው ገዢ ብሎ ካመጣው አንድ አሸዋ አመላላሽ ጋር አብረን ወደ ዳርቻው ወረድን። ሸራውን ገለጥኩ። ሰውየው ጀልባዋን ማየቱን ትቶ አፍንጫውን ነፋ።

"ቀለም ቀለም ይሸታል" አለ።

"አዲስ ነዋ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"ታዲያ ምን ሆና ነው የተቀባችው?" ብሎ ጫማውን አራግፎ ሄደ።

ደላላው ጎንበስ ብሎ እጁን ከኋለኛው መቀመጫ ሥር አስገባ። ዳበሰ፤ ከዚያ ጣቱን አየው።

"ዝርዝሩስ?"

"የምን ዝርዝር?"

"የጥገናው ነዋ። ሟቹ የቱን ጣውላ መቼ እንደቀየረ፣ ውሃ የት እንደገባት፣ በምን እንደደፈነው። ባለቤቱ እዚያው እንጨቱ ላይ ይጽፋል። እኛ ጋ ያረጀ ጀልባ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እሱን ነው የሚያነበው።"

"እርሳሱን ነው?"

"እርሳሱን።"

"አስፍቄዋለሁ።"

ሹክሹክታ ጆሮዬ ሥር ሲገባ እንደወትሮው ጢሙ ኮረኮረኝ። "ጌታው፣ አንተ ጀልባ አላሳመርክም። መታወቂያዋን ነው የቀደድክባት።"

ሁለት ነገር በልቤ ያዝኩ። አንደኛ፣ ጥፋቱ የኔና የኔ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ለልጅቷ ዛሬ አልጽፍም። አስቀድሜ መላ ልፈልግ።

*

ኅዳር 28

ይድረስ ለጋሼ፤

ቤትህ ጤና፣ ደጅህ እንግዳ የማይለየው ይሁን። የባለቤትህ ጉልበት እንዴት ነው? ቁጣዋ እንዳይቀንስ ተጠንቀቅ።

ደላላው ተመልሶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አትቸኩል ብዬህ ነበር፤ አሁንም አትቸኩል። ብቻ ገዢ ተገኝቶ ዋጋ ላይ ተያይዛችሁ ከሆነ፣ ትንሽ ዝቅ ብትልም አይከፋኝም።

እዚህ አዲስ ነገር የለም። አሠሪዬ አርጅቷል፤ ሱቁን ትቶ ልጆቹ ወዳሉበት ሊሄድ ነው ይባላል። እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ልጅህ

*

ከማስታወሻ ደብተሬ፣ ታኅሣሥ 12

ደብዳቤዋ ዛሬ ደረሰ። "እንዲያው ለወሬ ያህል" ትላለች። ሱቄ ገብቶ የአልጋ ዋጋ እንዲያው ለወሬ ያህል የሚጠይቀኝ ሰው በማግስቱ ጋሪ ይዞ ነው የሚመጣው። ይህች ልጅ አንድ ነገር ይዟታል።

በዚህ መሃል ሁለት ገዢ መጥቶ ተመልሷል። አንደኛው ሰማያዊውን በጥፍሩ ጫር አድርጎ ሳቀ። ሁለተኛው ዋጋም አልጠየቀም። ሟቹ ጀልባውን የሚጠግነው በራሱ እጅ ስለነበር የሚጠየቅ አናጢ የለም። ዳርቻው ላይ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠየቅኩ፤ ሦስቱ ሦስት ነገር ነገሩኝ፤ አንዱ እንዲያውም የሌላ ሰው ጀልባ ነው የነገረኝ።

ታኅሣሥ 13

ጻፍኩላት፤ አራት መስመር። "ነገሩ በሂደት ላይ ነው" አልኳት። ይህን ቃል አንድ ዕቃ አቅራቢ ቢጽፍልኝ ኖሮ በዚያው ቀን ቀብዴን መልስ እለው ነበር።

*

ጥር 9

ለተከበሩ የአባቴ የአጎት ልጅ፤

እርስዎም ቤተሰብዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጀልባው ተሸጦ ከሆነ በግልጽ ይንገሩኝ። ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ውሎ ከሆነም ይንገሩኝ፤ ሰው ነንና ይቸግረናል። በሂደት ላይ ነው የሚለውን ግን አልቻልኩትም።

የሚያስቸኩለኝ የለም ማለቴ እውነት አልነበረም። የአባቷ ሐዘን ሳይወጣላት ንብረቱን ልትሸጥ ተጣደፈች እንዳልባል ፈርቼ ነው። እውነቱ ይኸውና፤ አሠሪዬ ሱቁን ከሦስት የማጠቢያ መኪናና ከእንፋሎት መተኮሻው ጋር ይሸጣል። ቅድሚያ የሰጠው ለኔ ነው። እስከ የካቲት 30 ይጠብቀኛል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጫማ ሻጭ ይወስደዋል፣ እኔንም ጫማ ሻጩ አይፈልገኝም። ያጠራቀምኩት ግማሹን ይሸፍናል። ግማሹ ጀልባዋ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራሁባት ክፍል መስኮት የላትም። የሱቁ ፊት ግን ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው።

ይህን ያህል ነው። አክባሪዎ

*

ከማስታወሻ ደብተሬ፣ ጥር 22

አንተ የምትለኝ ልጅ እርስዎ አለችኝ። ከስድብ ይከፋል።

ደብዳቤውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሽንኩርቷን መክተፏን ሳታቆም፣ "ሌባ ነው ብላ እንድታስብህ ነው የምትፈልገው ወይስ ጅል ነው ብላ? ምረጥና ጻፍላት" አለችኝ። መረጥኩ።

*

ጥር 22

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ያሰብሽው እንዲሞላልሽ እየተመኘሁ፣ ያጎደልኩት እኔ መሆኔን ልንገርሽ።

ጀልባዋ አልተሸጠችም። ገንዘብም አልበላሁም። አባትሽ ከመቀመጫዎቹ ሥር የጻፈውን የጥገና ዝርዝር ቆሻሻ መስሎኝ አስፍቄ፣ ከላዩ ሰማያዊ ቀለም አስቀባሁበት። በኔ ንግድ ጠባሳ ይደበቃል። በጀልባ ንግድ ገዢው የሚከፍለው ጠባሳውን አይቶ እንደሆነ አላወቅኩም፤ አልጠየቅኩምም። አራት ገዢ ሸሽቷል። አልነገርኩሽም፤ መፍትሔ ይዤ ልጽፍልሽ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ሁለት ወር አለፈ።

አሁን የቀረን አንድ መንገድ ነው። አባትሽ ሲጠግን ሚስማር የምታቀብዪው አንቺ ነበርሽ። የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ የቱ ጣውላ፣ በየት በኩል፣ በምን። ሹክሹክታ አንዲት ገዢ አለችው፤ ቲማቲምና ሽንኩርት ወደ ማዶ የምታሻግር ሴት ናት። "ዝርዝር አምጡና አያታለሁ" ብላለች። የምትጽፊው በሷ ፊት ይነበባል፤ አናጢዋም በየቦታው ፍቆ ያያል። ስለዚህ ያላስታወስሽውን አላስታውስም በዪ።

ሌባ አይደለሁም። ጅልነቱን ግን አምኛለሁ።

ጋሼ

*

የካቲት 5

ይድረስ ለጋሼ፤

ዕድሜህ ይርዘም፣ ቡሩሽህ ይጥፋ።

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ ሳቅሁ፣ ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ አሠሪዬ ምን ሆንሽ ሲለኝ "አጎቴ ጀልባ ቀባ" አልኩት። ሰማያዊ ደግሞ! አባቴ ሰማያዊ ቀለም የመዋኛ ገንዳ ነው ይል ነበር። ሌባ ነው ብዬ ስላሰብኩህ ይቅር በለኝ። እኔም እውነቱን ከመጀመሪያው ብጽፍልህ ኖሮ እንዲህ አንጓተትም ነበር።

በል ጻፍ። ከፊት ቆጥረህ በቀኝ በኩል ሦስተኛው ጣውላ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል። ሰባት ዓመቴ ነበር። ከወደቡ መወጣጫ ምሰሶ ጋር ተጋጨን፤ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ አባቴ ግን ለሰው ሁሉ "ንፋስ ነው" እያለ ዞረ። ሚስማሮቹ የመዳብ ናቸው፤ አሥራ አራት። አቀብዬዋለሁ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ።

በግራ በኩል ወለሉ አጠገብ አራት መዳፍ የሚያህል ቦታ በቆርቆሮና በሬንጅ ተደፍኗል። እሱ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ካልታደሰ ያንጠባጥባል። ሁለት ዓመት ሳይታደስ ስለቆየ አሁን ሳያንጠባጥብ አይቀርም፤ ይህንንም ንገራት።

የሞተሩ መቀመጫ አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ተቀየረ፤ ጠንካራ ነው፤ ከተሰበረ የመርከብ በር የወጣ እንጨት ነው። የኋለኛው መቀመጫ ሁለቴ ተቀይሯል። መጀመሪያ የተቀየረው ባንተ ቁም ሳጥን በር ነበር፤ "ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ነው" ብለህ የሸጥክለት። በሁለት ዓመቱ ምስጥ ደፈረው። አባቴ ስምህን እየጠራ ነው የነቀለው፤ ከስምህ ጋር ያለውን አልጽፍም።

አባቴ የጻፈው ይህን ያህል ነው። ያልጻፈው አንድ አለ፤ እሱን ለብቻው ወረቀት ላይ አድርጌዋለሁ። አንብበው። ለገዢዋ ማንበብ አለማንበብ ግን ያንተ ነው፤ እዚያ ያለኸው አንተ ነህና። እኔ ከዚህ ሆኜ፣ ቀኑ እንዲህ ተጣብቦ፣ አንብብላት ልልህም አታንብብላት ልልህም አቃተኝ።

ልጅህ

*

(በተለየ ወረቀት)

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከአቅሟ በላይ ሲሚንቶ ጭኖባት፣ በሥሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው ወፍራሙ እንጨት፣ አከርካሪ የሚሉት፣ ከሞተሩ በታች ክንድ ያህል ተሰነጠቀ። በሁለት በኩል ብረት አድርጎ በአራት ብሎን አሰረው፤ ከላዩ ሬንጅ ደፋበት። የዚያን ዓመት ሊሸጣት አስቦ ነበርና አልጻፈውም። "ይህ የኔና ያንቺ ነው" አለኝ። ኋላ ግን ሰው ሊገዛት ሲመጣ አልሸጥም ብሎ መለሰው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ራሱ ሠራባት። ብረቱ ዛሬ ይያዝ አይያዝ አላውቅም።

*

ከማስታወሻ ደብተሬ፣ የካቲት 18

አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። ወረቀቱን ሁለቱንም ሱቄ ውስጥ ለሹክሹክታ አነበብኩለት። የመጀመሪያውን ሲሰማ እጁን አፋተገ። ሁለተኛውን ስጨርስ ጆሮዬ ሥር ገባ።

"ይቺን ብላት።"

"ወረቀቷን?"

"ወረቀቷን። አኝክና ዋጣት። ሟቹ ራሱ አልጻፋትም፤ አንተ ከሱ በላይ ልታውቅ ነው?"

በረድ ባለ ጭንቅላት አሰብኩት። ካላነበብኩ ሙሉ ዋጋ አለ፣ ልጅቷም ሱቋን ታገኛለች። ካነበብኩ ሴትየዋ ልትሄድ ትችላለች፤ ከሄደች በአሥራ ሁለት ቀን ሌላ ገዢ አይገኝም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሚለውም ብላት ነው። በሕይወቴ ደግሞ የዕቃዬን ጉድ ለገዢ ሙሉ በሙሉ ተናግሬ አላውቅም። ግን እኔ የሸጥኩት ቁም ሳጥን ቢሰበር የሚወድቀው ልብስ ነው። ይህች የምትሰበረው ሰው ተቀምጦባት ነው።

የካቲት 19

ጠዋት ዳርቻው ላይ ተገናኘን፤ ገዢዋ፣ አናጢ ወንድሟ፣ ሹክሹክታና እኔ። ሴትየዋ ጀልባዋን አንዴ ዞረቻት።

"ሰማያዊው የማን ሐሳብ ነው?"

"የኔ ነው፤ አጠፋሁ" አልኩ።

"ጥፋት ብቻ ቢሆን መልካም፤ አስቀያሚም ነው። በል አንብብ።"

አነበብኩ። አናጢው በየመስመሩ ቢላውን እያሳረፈ ቀለሙን ይፍቃል። ሦስተኛው ጣውላ ላይ ሚስማሮቹን ጮክ ብሎ ቆጠረ። አሥራ አራት። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ ሬንጁ ፈርሷል፤ እሱም እንደተጻፈው ነው። የቁም ሳጥኑ በር ጋ ስደርስ ልዝለለው ብዬ ነበር፤ በትከሻዬ አሻግራ ወረቀቱን ስታነብ ስለያዘችኝ አነበብኩት። እስክትደክም ሳቀች።

"አለቀ" አለ ሹክሹክታ ፈጠን ብሎ።

"አላለቀም" አልኩና ሁለተኛዋን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ።

"ኧረ በሕግ!" ብሎ ጮኸ። ዳርቻው ላይ መረብ የሚጠግነው ሁሉ ዞሮ አየ። ሰውየው ለካ ጉሮሮ አለው፤ በአሥር ዓመት ትውውቃችን ድምፁን መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው።

እስከ መጨረሻው አነበብኩ። አናጢው ከሥሯ ተንጋሎ ገባ። ሬንጁን ሲፍቅ፣ ሲያንኳኳ፣ ደግሞ ሲያንኳኳ እንሰማለን። እኔ ቆሜ የማስበው የልጅቷን መስታወት ነበር። አናጢው ፊቱ በሬንጅ ጠቁሮ ወጣ።

"አራት ብሎን" አለ። "ብረቱ ዝጎ አልቋል፤ አንድ ዓመት አይቆይም። እንጨቱ ግን እንደ ድንጋይ ነው፤ ስንጥቁ አልሄደም። የሠራው ሰው ሙያ ያለው እጅ ነበረው።"

"ባይነግሩኝ ኖሮ መቼ ነበር የማውቀው?" አለችው።

"መሃል ውሃ ላይ።"

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጀልባዋን ደግማ ዞረቻት። "የብረቱንና የወንድሜን የሦስት ቀን ድካም ከዋጋው ላይ እቀንሳለሁ" አለች በመጨረሻ። "ሌላውን አልከራከርም። ይህን ያልደበቀች ልጅ ሌላውን አትደብቀኝም።"

"ወንድምሽ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል" አልኩ።

"በሁለት ተኩል" አለ አናጢው።

በሁለት ተኩል ተስማማን። ከጠየቅነው አንድ አሥረኛ ያህል ወረደ። የደላላውን ድርሻ ከኪሴ ከፈልኩ፤ የሰማያዊው ቀለም ቅጣት ይሁነኝ። ከሰዓት በኋላ ገንዘቡን በባንክ በቴሌግራም ላክሁ፤ ደብዳቤም ጽፌ ፖስታ ቤት ሰጠሁ። ይብቃ አይብቃ አላውቅም።

*

የካቲት 27

ይድረስ ለጋሼ፤

ደስታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ደጅህን ያንኳኳ።

ደብዳቤህ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ግን ቀድሞት ገብቷል። ማን እንደገዛት፣ ብረቱ ምን እንደሆነ አላውቅም። ያቺን ወረቀት እንዳነበብክ ግን አውቃለሁ። የባንኩ ሰው ሲቆጥርልኝ ከጠየቅነው አነሰ፤ "ጎደለ እንዴ?" አለኝ ፊቴን አይቶ። "አልጎደለም፣ ልኩ ነው" አልኩት። ሙሉው ቢመጣ ኖሮ፣ ጋሼ፣ እያንዳንዷን ማታ ስለማላውቀው ሰው ሳስብ ነበር የምኖረው።

ለአሠሪዬ ያለኝን ይዤ ሄድኩ። ይህን ያህል አንሷል፣ ያነሰውም ስለዚህ ነው አልኩት፤ ብሎኖቹን ሁሉ ነገርኩት። ራሱን አከከ። "እንግዲያው የእንፋሎት መተኮሻውን ለሌላ ሰው እሸጠዋለሁ፤ አንቺ በእጅ ካውያ ትችያለሽ?" አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት በሱ መተኮሻ ሠርቼ ካውያ ትችያለሽ ወይ ይለኛል! እችላለሁ አልኩት። ሦስቱ መኪናዎች ቀሩልኝ። ትናንት ተፈራረምን።

ከኋላ ያለውን ጠረጴዛዬን ወደ መስታወቱ ልናወጣ ስንል በሩ አልበቃ አለ። እግሮቹን ፈትተን አወጣነው፤ መልሰን ስንገጥመው አንዱ አጠር ብሏል። አንተ ብትኖር ምርቃት ተቀብለህ ትሸጠው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት አንዲት ሴትዮ የተተረተረ ካፖርት በክንዷ ይዛ ገባች። እኔን አለፍ አድርጋ ወደ ኋለኛው ክፍል አሻግራ አየችና፣ "ባለቤቱ የለም?" አለችኝ።

"አለሁ" አልኳት።

ልጅህ